ኢምፒዳንስ ማቺንግ ምንድን ነው?

ኤሌክትሪካል ምህንድስና የሚማር ሰው የአር ኤፍ (የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ) ሰርኪት ኮርስ ሲጀምር ቀድሞ ግራ የሚያጋባው ገመድ ነው። እስከዚያ ድረስ ገመድ ሁለት ነጥብ ያገናኛል፣ በቃ። ርዝመቱን የሚጠይቅ የለም። ቤታችን የሚገባው የ50 ኸርዝ መብራት የሞገድ ርዝመቱ 6,000 ኪሎ ሜትር ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ደርሶ መልስ ቢኬድ የዚህን ሩብ ቢሆን ነው። በ100 ሜጋኸርዝ ኤፍ ኤም ግን ሞገዱ 3 ሜትር ብቻ ነው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ 12.5 ሴንቲ ሜትር። ያኔ የሰርኪት ቦርዱ መስመር ርዝመትም ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

እንዲህ ሲሆን የገመዱና የአንቴናው ኢምፒዳንስ (ተለዋጭ ኤሌክትሪክን የሚቋቋሙበት መጠን፣ በኦም የሚለካ) ካልገጠመ፣ ከተላከው ጉልበት ከፊሉ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ባለ 50 ኦም ገመድ ጫፍ ላይ የ200 ኦም አንቴና እንሰካ። ልዩነቱን ለድምሩ ማካፈል ነው፤ 150 ለ250፣ 0.6። ይህ የቮልቴጁ ነው፤ ለጉልበቱ በራሱ ሲባዛ 0.36። 36 በመቶው ተመለሰ ማለት ነው። ይህን እንዳይመለስ ማድረግ ነው ኢምፒዳንስ ማቺንግ።

ለዚህኛው አንድ ኢንዳክተር (የሽቦ ጥቅል) እና አንድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም) ይበቃሉ። በ100 ሜጋኸርዝ 138 ናኖሄንሪ በተከታታይ፣ 14 ፒኮፋራድ ገደማ ደግሞ ከአንቴናው ጋር በትይዩ። ገመዱ አሁን የሚያየው 50 ኦም ነው። «ሬዚስተር ብንጨምርስ?» የሚል ተማሪ መቼም አይጠፋም። ይገጥማል፤ ግን ጉልበቱን ሙቀት አድርጎ ይበላዋል። የኢንዳክተሩና የካፓሲተሩ ጣጣ ደግሞ ከ100 ሜጋኸርዝ ራቅ ሲሉ መግጠሙ መቅረቱ ነው።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ፊሊፕ ስሚዝ በ1939 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ክብ ቻርት ለዚሁ ሥራ ነው። መልኩ ያስደነግጣል። እኔ ግን ከቀመሩ በፊት እሱን ልመዱ ባይ ነኝ፤ እያንዳንዱ ኢንዳክተርና ካፓሲተር ወዴት እንደሚወስዳችሁ በእርሳስ ይታያል።

ላብ (ላብራቶሪ) ባይመች ጎንደር ውስጥ የየቤቱ ጣሪያ ላብ ነው። ዲሹ ላይ ያለው ኤልኤንቢ (ሲግናሉን የሚቀበለው ክፍል) ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ የሆነውን ሲግናል ወደ 950–2150 ሜጋኸርዝ አውርዶ በ75 ኦም ገመድ ይልካል። ገመዱ ሲበጠስ ብዙ ሰው ጠምዝዞ ናስትሮ ይጠቀልልበታል። ለአምፖል ቢሆን ምንም አይልም። እዚህ ግን መገጣጠሚያው 75 ኦም አይሆንም፤ መመለሱም በየፍሪኩዌንሲው ይለያያል። አንዱ ቻናል ጥርት ብሎ ሌላው የሚቆራረጠው አንዳንዴ በዚህ ነው። በሁለት ኤፍ ኮኔክተር (የዲሽ ገመድ ጫፍ ላይ የሚገባው መሰኪያ) እና በአንድ ማገናኛ ቢቀጠል ይሻላል።