ኮግኔት ምንድን ነው? የሚመሳሰል ሁሉ ዘመድ አይደለም

«ዓይን» ከእንግሊዝኛው «አይ» ጋር፣ «ሰባት» ከ«ሰቨን» ጋር ኮግኔት ናቸው፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛ ምንጩ ግዕዝ ነው የሚል ክርክር በየጊዜው ይነሳል። በሌላ ወገን የኮምፒውተር ባለሙያዎች ፕሮግራም የለቀመላቸውን የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር «የኮግኔት ዳታ» ብለው ለጉባኤ ያቀርባሉ። ሁለቱ ወገኖች አይተዋወቁም፤ ስህተታቸው ግን አንድ ነው።

ኮግኔት የሚባሉት በአንድ ወላጅ ቋንቋ ውስጥ ከነበረ አንድ ቃል ተነስተው፣ ከአፍ ወደ አፍ ሳይቋረጡ ወርደው፣ ዛሬ በተለያዩ ቋንቋዎች የሚገኙ ቃላት ናቸው። በዚህ ፍቺ ውስጥ «የሚመሳሰሉ» የሚል ቃል የለም። «ትርጉማቸው አንድ የሆነ» የሚልም የለም።

በአገራችን ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲሉ ሽማግሌ የሚመለከተው መልክ አይደለም፤ ዘር ይቆጥራል፣ እስከ ሰባት ቤት። ቁርጥ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሁለት ሰዎች ባዳ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ጠይም አንዱ ቀይ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆነው ደግሞ ሦስተኛው ቤት ላይ ይገናኛሉ። የጡት ልጅም አለ። በቤቱ ያድጋል፣ የቤቱን ወግ ይይዛል፣ የአሳዳጊውን ስም ይጠራበታል፤ ዘር ሲቆጠር ግን መስመሩ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። በቋንቋ የጡት ልጅ ማለት የውሰት ቃል ነው። «ሱቅ» እና «ሳሙና» ከዓረብኛ፣ «መኪና» ከጣልያንኛ የመጡ የጡት ልጆች ናቸው። የዓረብኛው «ሱቅ» ከአማርኛው ጋር ቁርጥ አንድ መሆኑ ውሰቱን ያሳያል እንጂ ዝምድናን አያሳይም።

ቆጠራው በቃላት ላይ እንዴት ይሠራል? በድምፅ ለውጥ ሥርዓት ነው። አማርኛው «ሆድ»፣ ግዕዙ «ከብድ»፣ ትግርኛው «ከብዲ»፣ ዓረብኛው «ከቢድ» አንድ ቃል ናቸው። ዓረብኛው ጉበት ማለት ሆኗል፤ ትርጉሙ ተንሸራትቷል። በመልክማ «ሆድ» እና «ከብድ» የሚጋሩት «ድ»ን ብቻ ነው። ዝምድናቸው የሚታወቀው ያው ለውጥ በሌሎች ቃላትም ስለሚደገም ነው፦ ግዕዝ «ኵሉ» አማርኛ «ሁሉ»፣ ግዕዝ «ኮነ» አማርኛ «ሆነ»፣ ግዕዝ «ክልኤቱ» አማርኛ «ሁለት»። ትግርኛው «ኩሉ»፣ «ኮነ»፣ «ክልተ» ብሎ «ክ»ን ጠብቋል። የዓረብኛው «ኩል» እና «ካነ»ም እዚያው መስመር ላይ ናቸው። «ሆድ» ዘመድ የሆነው በዚህ ሰልፍ ውስጥ ስለቆመ ነው። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ማንም ሊያምነው ባልተገባ።

እዚህ ላይ የሙያው ግዴታ የሆነ ማሳሰቢያ አለ። «ክረምት» እና «ክንፍ» ወደ «ህ» አልተለወጡም። ሥርዓቱ «ክ ሁልጊዜ ህ ሆነ» ቢባል ውሸት ይሆናል፤ የቀሩት ለምን እንደቀሩ ማስረዳት የሥራው ግማሽ ነው። ሌላም አለ፦ «ግዕዝ» እያልኩ የጠቀስኩት ጥንታዊ መልኩ በጽሑፍ ስለቆየልን እንጂ ግዕዝ የአማርኛ እናት ስለሆነ አይደለም። ሁለቱ የጋራ አያት አላቸው፤ አማርኛ በደቡቡ የኢትዮ-ሴማዊ ቅርንጫፍ የሚመደብ ቋንቋ ነው።

ቃሉ በኮምፒውተሩ ዓለም የተዛባበት ምክንያት ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 ተመራማሪዎች የካናዳን ፓርላማ የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ ቃለ ጉባኤ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ሲያጣምሩ፣ የመጀመሪያ አራት ፊደላቸው አንድ የሆኑ ቃላትን «ኮግኔት» ብለው ተጠቀሙ። ለዚያ ሥራ በቂ ነበር፤ ቃሉ ውሰት ይሁን ዘመድ ለማጣመር ለውጥ አያመጣም። ጉዳቱ የመጣው አጠራሩ ከሥራው ወጥቶ ሲለመድ ነው። ዛሬ በኮምፒውተር የቋንቋ ትምህርት ጉባኤዎች ቃሉ በሰፊው ትርጉሙ ያልፋል፤ በታሪካዊ ሥነ ልሳን ጉባኤዎች ያው ቃል ማስረጃ ይጠየቅበታል። ሁለቱን የሚያገናኙ መድረኮች ግን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሲግቲፕ የተባለው የቋንቋ ተመራማሪዎች ቡድን ባዘጋጀው ውድድር፣ ከዘመድ ቃላት ስብስብ አንዱ ይደበቅና ፕሮግራሙ ከቀሪዎቹ ተነስቶ እንዲገምተው ይደረግ ነበር። «ከብዲ» እና «ከብድ»ን አይቶ «ሆድ»ን እንደመገመት ማለት ነው። ስብስቡ ውስጥ የጡት ልጅ ካለ ማሽኑ የሚማረው የተሳሳተ ሥርዓት ይሆናል።

«ርቀቱን ለካሁ፣ ከ0.5 በታች ነው፣ ስለዚህ ኮግኔት ነው» ለሚለው ወገን ሒሳቡን እንሥራው። የሌቨንሽታይን ርቀት ማለት አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ የሚያስፈልገው የመተካት፣ የመጨመርና የመቀነስ ብዛት ነው። «ሆድ» ሦስት ድምፅ ነው፤ ህ፣ ኦ፣ ድ። «ከብዲ» አምስት ነው፤ ክ፣ ኧ፣ ብ፣ ድ፣ ኢ። ሁለት መተካት፣ ሁለት መጨመር፤ አራት። ለረጅሙ ቃል ርዝመት ሲካፈል 0.8። ማሽኑ «ባዳ» ይላል። መጥፎ ማለት የሆኑት የፋርስኛውና የእንግሊዝኛው «ባድ» ደግሞ ርቀታቸው ለዜሮ የቀረበ ነው፤ በአጋጣሚ የተገጣጠሙ ናቸው እንጂ ምንም አይገናኙም። መለኪያው የሚለካው መልክ ነውና መልስ የሚሰጠውም ስለ መልክ ነው።

የተሻለው መንገድ ሌክስስታት በተባለው ስልት ያለው ነው። በመጀመሪያ ትርጉማቸው አንድ የሆነ ቃላት ድምፅ በድምፅ ይሰለፋሉ። ከዚያ የአንዱ ቋንቋ ድምፅ ከሌላው የትኛው ድምፅ ጋር ስንት ጊዜ እንደተገናኘ ይቆጠራል። ቀጥሎ የአንዱ ቋንቋ ዝርዝር ሆን ተብሎ ይቀላቀልና፣ ትርጉማቸው የማይገናኝ ቃላት ተሰልፈው ቆጠራው ይደገማል፤ ይህ በአጋጣሚ ብቻ የሚጠበቀውን ያሳያል። ነጥብ የሚሰጠው በሁለቱ ቆጠራዎች ልዩነት ነው። «ክ» ከ«ህ» ጋር ከአጋጣሚ በላይ ከተገናኘ ያ ጥንድ ክብደት ያገኛል። ይህ ሽማግሌው የሚያደርገውን ቆጠራ ይመስላል። ለዚህ 50 ቃል አይበቃም፤ ወደ 200 የሚጠጋ ዝርዝር ያስፈልጋል፣ አለዚያ ድግግሞሹ ከአጋጣሚው አይለይም። «ሆድ» እና ዓረብኛው «ከቢድ» ግን እንዲህም ሆኖ ያመልጡታል፤ አንዱ በሆድ፣ ሌላው በጉበት መደብ ስለተቀመጡ ከመጀመሪያውም አይነጻጸሩም።

ለአማርኛ ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ሌላ ነው። ከአያት በወረደው የአማርኛ ቃል ውስጥ የግዕዙ «ጸ» እና «ፀ» በአብዛኛው «ጠ» ሆነው ይገኛሉ፦ «ጸልአ» «ጠላ»፣ «ጽሕም» «ጢም»፣ «ፅርስ» «ጥርስ»። «ጸብሐ» ደግሞ በ«ነጋ ጠባ» እና በ«መስከረም ሲጠባ» ውስጥ «ጠባ» ሆኖ አለ፤ የዓረብኛው «ሰባሕ»፣ የትግርኛው «ጽባሕ» ወገን ነው። በቤተ ክህነትና በመጽሐፍ በኩል ከግዕዝ የተዋሰው ግን «ጸ»ን እንደያዘ ቀረ። ለዚህ ነው «ጠጉር» እና «ጸጉር» አብረው የሚኖሩት፤ የአንድ አያት ዘር ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በቤት ተወልዶ፣ ሌላው ዘመድ ቤት አድጎ ተመልሶ። ውሰቱ ብዙ ስለሆነ የግዕዝ «ጸ» ከአማርኛ «ጸ» ጋር የሚገጥምበት ጥንድም በየጊዜው ይደጋገማል። ማሽኑ ሁለቱንም ሥርዓት ብሎ ይቀበላል፤ የትኛው የውርስ፣ የትኛው የውሰት እንደሆነ የሚለየው ሰው ነው። ስለዚህ በዳታው ሠንጠረዥ ውስጥ ለውሰት የተለየ ዓምድ ይኑር። መሠረታዊ በሚባሉት ቃላት ውስጥ እንኳ «ውሻ» እና «ዓሳ» ከኩሽ ቋንቋዎች እንደገቡ የሚታሰቡ ናቸው።

ፊደላችንም ያሳስታል። በአማርኛ አፍ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም እንዲሁ። ጽሑፉን ፊደል በፊደል ወደ ላቲን የሚገለብጥ ፕሮግራም አማርኛ የሌለውን የጥንት ድምፅ እንዳለው ያስቆጥራል፤ ውጤቱም ያለአግባብ ወደ ግዕዝ ይቀርባል። በዚያ ላይ መጥበቅና መላላት አይጻፍም። መገልበጥ ያለበት አነባበቡ ነው፣ በእጅ፣ ቃል በቃል።

ወደ «ዓይን» እንመለስ። እውነተኛ ዘመዶች ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር ይቀራረባሉ። የእንግሊዝኛው «አይ» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ኤአጌ» ነበር፤ የጀርመንኛው «አውገ» ያንን «ግ» ዛሬም ይዟል። «ን» የለበትም። የሴማዊው ግን በግዕዝ «ዐይን»፣ በዓረብኛ «ዐይን»፣ በዕብራይስጥ «ዐዪን» ነው፤ «ን» የሌለበት የለም። ወደ ኋላ ሲሄዱ ሁለቱ ይራራቃሉ። «ሰቨን»ም ከላቲኑ «ሴፕቴም» ጋር ሲቆም «ፕ» እና «ት» ያለው ሥር ይታያል፤ የሴማዊው ሥር ሦስተኛ ፊደል «ዐ» ነው። በጥንት ዘመን ውሰት ኖሮ ይሆናል የሚሉ ምሁራን አሉ። እነሱ የሚሉት እውነት ቢሆን እንኳ ሰባት የጡት ልጅ ነው፤ ዘመድ ለመባል «ሁለት» ከ«ቱ»፣ «ሦስት» ከ«ስሪ»፣ «አራት» ከ«ፎር» ጋር በዚያው ሥርዓት መሰለፍ ነበረባቸው፤ አልተሰለፉም።