ሳቹሬትድ ቅባት ምንድን ነው? በቀን ምን ያህልስ ይበቃል?

ጾም ሲገባ ቅቤው ወደ ጓዳ ይመለሳል፤ ብዙ ሰውም ከሚረጋ ቅባት የተገላገለ ይመስለዋል። ሽሮው የሚሠራው በፓልም ዘይት ከሆነ ግን አልተገላገለም። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ቅባት ነው፤ ቅቤም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሳቹሬትድ የሚባለው የካርቦን ሰንሰለቱ ሊይዝ የሚችለውን ሃይድሮጅን ሁሉ የያዘ ቅባት ነው። ሰንሰለቶቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ቅባቱም በአዲስ አበባ ብርድ ይረጋል። የኑግ፣ የሱፍና የሰሊጥ ዘይት በአብዛኛው ጎበጥ ያሉ ሰንሰለቶች ስላሏቸው ፈሳሽ ሆነው ይቆያሉ። በነገራችን ላይ የፓልም ዘይት በድሬዳዋ ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ ቢታይ ሳቹሬትድ ቅባቱ አልቀነሰም፤ የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው።

ጉዳቱ የሚጀምረው ጉበት ላይ ነው። ጉበት ኤልዲኤል የተባለውን ኮሌስትሮል ተሸካሚ ከደም የሚለቅምባቸው ተቀባዮች አሉት። ሳቹሬትድ ቅባት ሲበዛ የተቀባዮቹ ሥራ ይዳከማል። ያልተለቀመው ኤልዲኤል በደም ውስጥ ይቆይና በዓመታት ሂደት የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይከማቻል። ለዚህ ነው የዘይት ጀሪካን ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚለው ጽሑፍ እውነት ሆኖ ሳለ ገዢውን የሚያዘናጋው። የተክል ዘይት ከመጀመሪያውም ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል፤ መጠየቅ ያለበት የሳቹሬትድ ቅባቱ መጠን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሳቹሬትድ ቅባት በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 200 ኪሎ ካሎሪ ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ ጣሪያው 22 ግራም ገደማ ይሆናል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ደግሞ ከ6 በመቶ በታች ይላል፤ ወደ 13 ግራም ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን 8 ግራም ያህል ይዟል። ሥጋው፣ አይቡና ወተቱ ገና አልተቆጠሩም። ክትፎ ወዳዱ ቀሪውን ሂሳብ ራሱ ይሥራው።

ይሁን እንጂ ከመጠኑ እኩል የሚያሳስበው በምትኩ የሚበላው ነገር ነው። ቅቤውን ቀንሶ በነጭ ዳቦና በስኳር የተካ ሰው ለልቡ ያተረፈለት ነገር የለም። በኑግ፣ በሱፍ ወይም በሰሊጥ ዘይት፣ በለውዝ፣ ወይም በምስርና በባቄላ የተካ ግን ይጠቀማል። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመረምረው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ግምገማ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የቆዩ ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሮ፣ ሳቹሬትድ ቅባትን መቀነስ የልብና የደም ሥር አደጋዎችን በ17 በመቶ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። በጠቅላላው የሞት ቁጥር ላይ የታየው ለውጥ ግን ትንሽ ነበር። ለእኔ ይህ ቅቤን እንደ መርዝ ለመፍራት አያበቃም፤ የዘወትሩን ዘይት ለመቀየር ግን በቂ ምክንያት ነው። የፋሲካ ዶሮ ወጥ በዓመት አንድ ቀን ነው፤ የሽሮው ዘይት ግን በየቀኑ ይጨለፋል። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ዋጋ የማይቀመስ ከሆነ ደግሞ የፓልሙን መጠን መቀነስም ዋጋ አለው። ሽንኩርቱን በውኃ አብስሎ ዘይቱን ኋላ ጠብ ማድረግ የጓዳ ባለሙያዎች ድሮም የሚያውቁት ነገር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ የሚመለከተው ዐዋቂዎችንና 2 ዓመት የሞላቸውን ልጆች ነው። ከዚያ በታች ላለ ሕፃን ገንፎ የሚጨመር ቅቤ በዚህ ሂሳብ አይለካም።