«ልቅ ግጦሽ» ሲባል ግጦሽ ሁሉ ማለት አይደለም

በጣና ዳር፣ በፎገራ ሜዳ፣ «ልቅ ግጦሽ ይቁም» ሲባል ብዙ ሰው ከብት የሣር ጠላት ይመስለዋል። አይደለም! ልቅ የሚባለው ከብቱ ያለ ወቅትና ያለ ቁጥር ገደብ ሲለቀቅ ነው።

ሰርዶን ተመልከቱ፤ ግንዱ መሬት ለመሬት ስለሚሳብ ቅጠሉ ቢጋጥም ከሥር መልሶ ያቆጠቁጣል። ረጅሙ ሣር በልክ ሲጋጥ ደግሞ ብርሃን ወደ ታች ይገባል፤ በጥላ ታፍነው የቆዩት ማገጥና ሌሎች አጫጭር ዕፅዋት ነፍስ ይዘራሉ። ስለዚህ ጨርሶ መከልከልም ረጃጅሞቹ ሌላውን እንዲውጡ ሊያደርግ ይችላል።

ልኩ ሲያልፍ ግን ከብቱ የሚወደው ሣር ቀድሞ ያልቃል፤ የሚሸሸው እሾሃማው አሜካላ ይነግሣል። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ያን ጊዜም ሜዳው ከሩቅ አረንጓዴ መምሰሉ ነው።