ለአየር ንብረት እርምጃ የሚሆን «ዲጂታል ክህሎት» ምንድን ነው?

«ለወጣቶች የአየር ንብረት እርምጃ የሚሆን ዲጂታል ክህሎት» የሚለው ሐረግ በሥልጠና ማስታወቂያዎችና በፕሮጀክት ሰነዶች ላይ ከመደጋገሙ የተነሣ ትርጉሙ ሊጠፋ ተቃርቧል። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን በቅርቡ ያነበብሁት የአንድ አስተያየት ሰጪ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው የዛሬ ወጣት ስልክ በእጁ ይዞ ስላደገ ዲጂታል ክህሎቱ አስቀድሞ አለው፣ የሚቀረው መተግበሪያ የሚሠራበት ጥቂት የኮዲንግ ትምህርትና ሥራውን የሚያሳይበት መድረክ ነው ይላሉ። ሐሳባቸው ከበጎ ልብ እንደመነጨ አልጠራጠርም። ነገር ግን አባባሉ ወጣቶቹን ይጎዳል፤ የሌላቸውን ክህሎት «አላችሁ» ብሎ ያሰናብታቸዋልና።

ሥራዬ የዝናብና የሙቀት መዛግብትን ማጣራት ስለሆነ ትርጉሙን ከዚያው ልነሣ። በዚህ መስክ ዲጂታል ክህሎት ማለት አንድን ቁጥር ከተወለደበት መሣሪያ አንሥቶ ውሳኔ እስከሚሰጥበት ጠረጴዛ ድረስ ተከትሎ መሄድ፣ በመንገዱ ላይ ምን እንደተጨመረበትና ምን እንደተቀነሰበት መለየት፣ በመጨረሻም ያ ቁጥር ምን ያህል ውሳኔ ሊሸከም እንደሚችል በግልጽ መናገር መቻል ነው። ኮምፒውተሩ፣ ስልኩና የፕሮግራም ቋንቋው ይህን ጉዞ ያፋጥኑታል እንጂ አይተኩትም። ሳይንሱና ሒሳቡም ከዚህ ተለይተው በሌላ ክፍለ ጊዜ የሚሰጡ ትምህርቶች አይደሉም፤ መለኪያው ለምን እንደሚሳሳት የሚነግረን ፊዚክስ ነው፣ የስህተቱን መጠን የሚነግረን ደግሞ ስታቲስቲክስ።

ልዩነቱን በብዕርና በንባብ ልመስለው። ብዕር የያዘ ሁሉ መጻፍ ይችላል የሚል ሰው የለም፤ ስልክ የያዘ ሁሉ ዲጂታል ክህሎት አለው ማለትም ከዚህ አይለይም። ፋይል መክፈት ፊደል መለየት ነው። ግራፍ ማውጣት ቃላቱን ድምፅ አሰምቶ ማንበብ ነው፤ ለጆሮ ሊያምር ይችላል፣ አንባቢው ግን የሚያነበው ነገር ላይገባው ይችላል። እውነተኛው ንባብ የሚጀምረው ደብዳቤው ከማን እንደመጣ፣ መቼ እንደተጻፈ፣ የትኛው ገጽ እንደጎደለና የትኛው ቃል ተፍቆ በሌላ እንደተተካ መጠየቅ ስንጀምር ነው፤ በመረጃ ዓለም እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው ከቁጥሮቹ ጋር አብሮ መቀመጥ ያለበት ሜታዳታ፣ ማለትም ስለ መረጃው የሚናገር መረጃ ነው። ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ላይ አይሠራም። ደብዳቤ የሚዋሽ ጸሐፊ ሊኖረው ስለሚችል አንባቢው የጸሐፊውን ፍላጎት ይመረምራል፤ መሣሪያ ፍላጎት የለውም። የሚሳሳተው ፀሐይ በቀጥታ ስላረፈበት፣ ነፋስ የዝናቡን ጠብታ ከአፉ ላይ ስለወሰደበት ወይም ባትሪው ስላለቀ ነውና አንባቢው መፈለግ ያለበት ምክንያትን እንጂ ተንኮልን አይደለም።

አንድ ምሳሌ ከዕለት ተዕለት ሥራዬ ልውሰድ፤ ረዘም ይላል፣ ነገሩ ሁሉ ግን እዚህ ውስጥ አለ። በብዙ የዝናብ ፋይሎች ውስጥ መለኪያው ያልተነበበበት ቀን በ−99 ይመዘገባል፤ ዝናብ ከዜሮ በታች ሊሆን ስለማይችል ቁጥሩ «እዚህ መረጃ የለም» የሚል ምልክት ነው። የተነበቡት ቀናት ዝናብ ተደምሮ 1,100 ሚሊ ሜትር በሆነበት ጣቢያ ሦስት ቀናት ብቻ በዚህ ምልክት ተመዝግበው፣ ሠልጣኙም ፋይሉን ከፍቶ ዓምዱን በአንድ ትእዛዝ ቢደምር 297 ተቀንሶ 803 ሚሊ ሜትር ይወጣለታል። ውጤቱ ከዜሮ በታች ቢወርድ ማንም ሰው ይነቃ ነበር፤ 803 ግን ማንም የማይጠራጠረው ቁጥር ነው። ኮዱ አንድም የስህተት መልእክት አያወጣም፣ ካርታው ላይ ቦታው በድርቅ ቀለም ይቀባል፣ ከካርታው ተነሥቶ ውሳኔ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ወደ ፋይሉ የሚመለስበት ምክንያት አይኖረውም።

ይህን የተረዳ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ወዲያው ሁለተኛ ስህተት ይሠራል፤ −99ን በዜሮ ይተካዋል። ዜሮ ግን «አልዘነበም» የሚል ምስክርነት ነው፣ ባዶ ቦታ ደግሞ «አላየሁም» የሚል፤ አላየሁም ያለውን ምስክር አልሆነም እንዳለ አድርጎ መመዝገብ በየትኛውም ችሎት ተቀባይነት የለውም። ጉዳቱ የሚብሰው መለኪያው ዝም የሚለው በዘፈቀደ ባለመሆኑ ነው። ጎርፍ መንገድ ሲዘጋ ታዛቢው ወደ ጣቢያው አይደርስም፣ መብረቅ መሣሪያውን ይመታል፣ የመገናኛ አውታሩ የሚቋረጠውም በማዕበሉ ሰዓት ነው። ስለዚህ የጠፋው ቀን ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የምንፈልገው ቀን ይሆናል፤ ባዶው በምን ይሞላ ከማለት በፊት ለምን ባዶ ሆነ ብሎ መጠየቅ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ጥያቄ ማንሣት ከማንኛውም የፕሮግራም ቋንቋ ይቀድማል፣ በስልክ አጠቃቀም ብዛትም አይገኝም።

ክህሎቱ ከመሣሪያው የተለየ መሆኑን ታሪኩም ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1938 ጋይ ካለንዳር የተባለው እንግሊዛዊ የእንፋሎት መሐንዲስ ከ147 የሙቀት መለኪያ ጣቢያዎች የተሰበሰቡ መዛግብትን በእጁ አስልቶ ምድር እየሞቀች መሆኗን አሳየ፤ ሙቀቱንም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር ጋር አያያዘው። ኮምፒውተር አልነበረውም፣ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያም አልነበረም። ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1958፣ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድን መጠን መለካት ሲጀምር ገና የ29 ዓመት ወጣት ነበር። በዚያ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 315 ገደማ የነበረው መጠን ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። ይህን እድገት ያለ ጥርጥር ማየት የተቻለው ኪሊንግ የመሣሪያውን ንባብ መጠናቸው በጥንቃቄ ከታወቀ የማመሳከሪያ ጋዞች ጋር ሳይሰለች እያስተያየ ስላረመው ነው። ካሊብሬሽን የምንለው አሰልቺ የሚመስል ሥራ ባይኖር ኖሮ ያ ዝነኛ ግራፍ የመሣሪያ መዛባት ይሁን የከባቢ አየር ለውጥ መለየት አይቻልም ነበር።

እዚህ ላይ ከራሴ መስክ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የባሕር ወለል ሙቀት ለረጅም ዘመን የሚለካው ከመርከብ በተጣለ ባልዲ ውሃ ተቀድቶ ነበር፤ በኋላ ብዙ መርከቦች ሞተር ለማቀዝቀዝ የሚገባውን ውሃ ወደ መለካት ዞሩ። በባልዲው ያለው ውሃ በትነት ስለሚቀዘቅዝ ንባቡ ዝቅ ይላል፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው ደግሞ ጥቂት ይሞቃል። የመለኪያ ዘዴው መቀየሩን የማያውቅ ሰው በመዝገቡ ላይ የሚያየውን ዝላይ የባሕሩ ሙቀት ነው ብሎ ይተርከዋል። መዛግብቱ መታረም ስላለባቸው የሙቀቱ መጨመር ሐሰት ነው የሚል ክርክር አንዳንድ ጊዜ እሰማለሁ፤ ይህም ያው የንባብ ጉድለት በሌላ መልኩ ነው። እርማቱ የተሠራው ምክንያቱ ስለታወቀ ነው፣ መዝገቡም የሚታመነው በእርማቱ ነው።

አስተያየት ሰጪው ከዚህ ሁሉ የሚያድነን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው ይሉ ይሆናል፤ በጽሑፋቸውም ወጣቶች የሳተላይት ምስልን ለሞዴል ሰጥተው የደን ጭፍጨፋን በቀላሉ መለየት እንደሚችሉ ጠቅሰዋል። ምስሎቹን ማግኘቱ በእርግጥ ቀላል ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የተሰበሰበው የላንድሳት ሳተላይቶች የምስል መዝገብ ከ2008 ወዲህ በነፃ ይወርዳል፣ ሴንቲኔል 2 የተባሉት ሳተላይቶች ደግሞ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር በሆነ ፒክስል (የምስሉ ትንሹ ነጥብ) ምድርን በየጥቂት ቀኑ ያነሣሉ። ችግሩ የሚመጣው ሞዴሉ «95 በመቶ ትክክል ነኝ» ሲል ነው። ከመቶ ፒክስል ጭፍጨፋ ያለባቸው አምስቱ ብቻ ከሆኑ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ለሁሉም «ጭፍጨፋ የለም» የሚል ሞዴልም 95 በመቶ ትክክል ይሆናል፤ የተፈለጉትን አምስቱን ግን አንዱንም አያገኝም። በዚያ ላይ የዛፍ ሽፋን መቀነስና የደን ጭፍጨፋ አንድ አይደሉም። ለምርት የተተከለ ባሕር ዛፍ ጊዜው ደርሶ ሲቆረጥ፣ የተፈጥሮ ደን ለዘለቄታው ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን፣ ሳተላይቱ በሁለቱም ቦታ የሚያየው የሽፋን መቀነስን ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው ቦታውን የሚያውቅ ሰው ወይም ጥያቄውን አስቀድሞ በትክክል ያስቀመጠ ሰው ነው።

በኃይል ዘርፍም ተመሳሳይ ጉድለት አያለሁ፤ ዘርፉ የእኔ ስላልሆነ በአጭሩ ላልፈው። ኪሎዋትና ኪሎዋት ሰዓትን የሚያምታታ ወጣት የሚያምር የፀሐይ ኃይል መተግበሪያ ሊሠራ ይችላል፤ መተግበሪያው ግን የፓነሉን አቅም ከሚያመርተው ኃይል አይለይም። በፓነሉ ላይ የተጻፈው አቅምም በካሬ ሜትር 1,000 ዋት የፀሐይ ጨረር ሲያርፍና የሴሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የተለካ እንጂ ጣራ ላይ ሁልጊዜ የሚገኝ አይደለም።

እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የፓሪስ ስምምነት በአንቀጽ 12 አገሮች ትምህርትን፣ ሥልጠናን፣ የሕዝብ ግንዛቤን፣ ተሳትፎንና የመረጃ ተደራሽነትን እንዲያጠናክሩ ይጠይቃል። ከእነዚህ መካከል መረጃን ተደራሽ ማድረጉ ብዙ ርቀት ሄዷል፣ ማንበብን ማስተማሩ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። ስለዚህ ሥልጠና የሚያዘጋጁ ሰዎች ሲያማክሩኝ ከኮዱ በፊት መለኪያውን እንዲያስቀድሙ እመክራለሁ። ግሎብ የተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ልጆች ዝናብን፣ ሙቀትንና ደመናን ራሳቸው እንዲለኩ ሲያደርግ ቆይቷል፤ መንገዱ ትክክል ነው እላለሁ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ መሆኑን በገዛ እጁ ቀድቶ ያየ፣ መለኪያውን ከዛፉ ቢያንስ የዛፉን ቁመት እጥፍ ያህል ማራቅ ያስፈለገበትን ምክንያት በራሱ ንባብ የተረዳ ልጅ፣ በኋላ የሚሊዮን ረድፍ ፋይል ሲከፍት ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ አንድ ዕቃና አንድ ሰው እንዳለ ያውቃል። ማሳሰቢያው ግን እዚህም ይከተለኛል፤ የአንድ ትምህርት ቤት የሁለትና የሦስት ዓመት መዝገብ ስለ አየር ጠባይ እንጂ ስለ አየር ንብረት ለመናገር አይበቃም። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የማነጻጸሪያ አማካይ የሚያወጣው በ30 ዓመት ነው፣ አሁን የምንጠቀምበትም ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። «ተማሪዎቻችን የአየር ንብረት ለውጥን ለኩ» የሚል ዜና ስሰማ የምጨነቀው ለዚህ ነው፤ ልጆቹ የሠሩት ዋጋ ያለው ሥራ ያልሆነውን ተብሎ ሲወደስ፣ ሥራው ራሱ ምን እንደሚጠቅም ሳይነገር ይቀራል።

እኔ ራሴ ሥልጠና ስሰጥ በመጀመሪያው ቀን የሁለት ጎረቤት ጣቢያዎችን የዝናብ ፋይል ያለ ማብራሪያ አድላለሁ፣ ግራፍ ማውጣትንም እከለክላለሁ፤ የሚፈቀደው ጥያቄ መጻፍ ብቻ ነው። ሁለቱ ጣቢያዎች ተቀራራቢ ሆነው ሳለ የዕለት ዝናባቸው ፈጽሞ የማይገናኝ ይመስላል። አብዛኞቹ ሠልጣኞች አንዱ መሣሪያ ተበላሽቷል ብለው ይጽፋሉ፣ ጥቂቶች ተራራ ይኖራል ብለው ይገምታሉ። የምጠብቀው ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ እስከ ከሰዓት በኋላ አይመጣም፤ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ዝምተኛው ሠልጣኝ ነው፦ መለኪያው የሚነበበው በስንት ሰዓት ነው? ሁለቱም የሚነበቡት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። አንዱ ጣቢያ ንባቡን በተነበበበት ቀን ይመዘግባል፣ ሌላው ግን አብዛኛው ዝናብ የወረደው ትናንት ነው ብሎ በትናንቱ ቀን ይጽፈዋል። አንዱን ፋይል በአንድ ቀን ሲያንቀሳቅሱት ሁለቱ መዛግብት ይገጥማሉ።