የመስሚያ መሣሪያ፦ የድምፁና የምቾቱ መሻሻል

የመስሚያ መሣሪያ ድምፅን በማይክሮፎን ተቀብሎና አጉልቶ በትንሽ ስፒከር ለጆሮ የሚያደርስ መሣሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (ዘመናቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጣው ሪፖርት፣ የመስማት ችግራቸው ሕክምና ወይም ድጋፍ የሚሻ ሰዎች ከ430 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ከኤሌክትሪክ በፊት የነበረው ጆሮ ላይ የሚደገን መለከት ነው። በ1920ዎቹ በቫኪዩም ቲዩብ (አየር አልባ በሆነ፣ የኤሌክትሪክ ምልክትን በሚያጎላ የመስታወት ቱቦ) የሚሠራው ሲመጣ ከባድ ባትሪ መሸከም ግድ ሆነ።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ትራንዚስተር፣ ማለትም ቲዩቡን የተካው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ነው። የአሜሪካው የስልክ ምርምር ተቋም ቤል ላቦራቶሪ በ1947 ከፈለሰፈው በኋላ፣ የመስሚያ መሣሪያ ለሚሠሩ ኩባንያዎች የፈጠራ መብት ክፍያውን ተወላቸው፤ ይህም ለስልክ ፈልሳፊው ለአሌክሳንደር ግርሃም ቤል መታሰቢያ ነበር። ቤል መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህር ነበር፤ እናቱም ባለቤቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ። በ1952 መጨረሻ ለገበያ የቀረበው ሶኖቶን 1010 አንድ ትራንዚስተርና ሁለት ቲዩብ ነበረው። የትራንዚስተር ሬዲዮ የተሸጠው ከዚያ በኋላ፣ በ1954 ነው። ዓለም ያደነቀው ሬዲዮውን ቢሆንም ቀዳሚው የመስሚያ መሣሪያው ነው፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ዲጂታል መሣሪያዎች መጡ። ኦቲኮንና ዋይዴክስ የተባሉት የዴንማርክ ኩባንያዎች ከፊት መስመር ነበሩ፤ ማን ቀደመ የሚለው ግን አከራካሪ ነው።

ድምፅ ማጉላት ብቻውን በቂ አይደለም። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጭን ድምፆች ነው፤ አድማጩ «ሰማ» እና «ሸማ» ይምታቱበታል፣ ጩኸት ግን ያሳምመዋል። ስለዚህ ዘመናዊው መሣሪያ ደካማውን ድምፅ አብዝቶ፣ ኃይለኛውን ቆጥቦ ያጎላል።

የምቾት ዋነኛው ፈተና የራስ ድምፅ ነው። ጆሮ መሣሪያው በሚገባበት ውታፍ ሲደፈን ተናጋሪው እንስራ ውስጥ የሚያወራ ይመስለዋል፤ በአጥንት በኩል የመጣው ንዝረት መውጫ ያጣልና። ውታፉን ቢከፍቱት ደግሞ ከስፒከሩ ያመለጠው ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ ተመልሶ ያፏጫል። ፉጨቱን የሚያጠፋው ዲጂታል ስልት ሲሻሻል፣ ከ2000 ወዲህ ጆሮን የማይደፍኑ ቀጫጭን ቱቦዎች ተስፋፉ።

የመስማት ችግሩ ለከበደ ሰው ግን ዛሬም በጆሮው ልክ የተቀረጸ ውታፍ ያስፈልገዋል። ሕፃን ከሆነ ጆሮው ስለሚያድግ፣ መሣሪያው ሳይቀየር ውታፉ በየጥቂት ወሩ እንደገና ይቀረጽለታል።