ጋጀር፦ የድንበር መንደሩና የሐስባኒ ውኃ ውዝግብ

ጋጀር ሊባኖስና እስራኤል የያዘችው የጎላን ኮረብታ በሚዋሰኑበት ቦታ የሚገኝ፣ ነዋሪዎቹ አላውያን (ከሺዓ እስልምና የወጣ የሃይማኖት ወገን ተከታዮች) የሆኑ ትንሽ መንደር ነው። በስተ ምዕራቡ የሐስባኒ ወንዝ ያልፋል። ወንዙ በደቡብ ሊባኖስ ሐስባያ ከተማ አጠገብ ይነሣና፣ በዚያው በሊባኖስ ምድር ከሚፈልቀው የዋዛኒ ምንጭ ውኃ ጨምሮ ድንበሩን ይሻገራል፤ ከዚያም ከዳንና ከባንያስ ወንዞች ጋር ተቀላቅሎ የዮርዳኖስ ወንዝ ይሆናል። በበጋ የሐስባኒ የላይኛው ክፍል ስለሚደርቅ ወንዙን ከመቋረጥ የሚጠብቀው ዋዛኒ ነው፤ ውዝግቡም በዋናነት በዚህ ምንጭ ላይ ያተኩራል።

መንደሩ እስከ 1967 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሶርያ ሥር ነበር። በዚያው ዓመት ጦርነት በእስራኤል እጅ ገባ፤ እስራኤል ሕጓን በጎላን ላይ ከዘረጋችበት ከ1981 የጎላን ሕግ በኋላም ነዋሪዎቹ የእስራኤልን ዜግነት ተቀበሉ። በ2000 የእስራኤል ጦር ከደቡብ ሊባኖስ ሲወጣ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያሰመረው ሰማያዊ መስመር መንደሩን ለሁለት ከፈለው፤ ሰሜናዊው ክፍል ሊባኖስ ውስጥ ተቆጠረ። የእስራኤል ጦር ይህን ክፍል በ2006ቱ ጦርነት መልሶ ያዘው፤ የእስራኤል ካቢኔ በ2010 ለመውጣት ቢወስንም ውሳኔው ሥራ ላይ አልዋለም።

የውኃው ክርክር ከመስመሩ የቀደመ ነው። የአሜሪካው ልዑክ ኤሪክ ጆንስተን በ1955 ባዘጋጀው የክፍፍል ዕቅድ ለሊባኖስ ከሐስባኒ በዓመት 35 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ተመድቦላት ነበር። የቴክኒክ ባለሙያዎች ቢቀበሉትም የአረብ ሊግ አላጸደቀውም። በ1964 የአረብ መሪዎች የዮርዳኖስን ምንጮች ለመጥለፍ ወሰኑ፤ እስራኤልም በሶርያ የተጀመረውን ሥራ በተደጋጋሚ ደበደበች።

ከሁሉ በላይ የታወቀው ግን የ2002ቱ ፍጥጫ ነው። ሊባኖስ የራሷን የደቡብ መንደሮች መጠጥ ውኃ ለማጠጣት በዋዛኒ ላይ የውኃ መሳቢያና የቧንቧ መስመር ስትዘረጋ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር አሪኤል ሻሮን ሥራው ለጦርነት ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቁ። እስራኤል ሥራው ያለ ስምምነት የተጀመረ ነው ስትል፣ ሊባኖስ ደግሞ ከገዛ ምድሯ ከሚፈልቅ ውኃ ለመጠጥ መቅዳት ፈቃድ የሚያስጠይቅ አይደለም ብላ ተከራከረች። ሊባኖስ ልትስበው የነበረው መጠን ጆንስተን ከመደበላት ድርሻ እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ የጠቡ ምክንያት ከውኃው ብዛት ይልቅ ወደፊት የሚመጣው ይመስላል፦ እስራኤል የሰጋችው ዛሬ የተፈቀደው ነገ እንደ መብት እንዳይቆጠር ነበር። የላይኛው ተፋሰስ አገር ድርሻ ሁልጊዜ በዚህ ዓይን መታየቱ ለዓባይ ልጆች እንግዳ አይሆንም። አሜሪካ፣ የአውሮፓ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ገብተው ሁለቱን ወገኖች ሲያረጋጉ ከረሙ፤ ሊባኖስም ኦክቶበር 16 ቀን 2002 መሳቢያውን መርቃ ከፈተች።

የመንደሩ ክፍፍል እስካሁን መፍትሔ አላገኘም። በሐስባኒ ውኃ ላይም በሁለቱ አገሮች መካከል የተፈረመ ውል የለም፤ የ1994ቱ የእስራኤልና የዮርዳኖስ የሰላም ስምምነት የዮርዳኖስን ወንዝ ውኃ ቢደለድልም ሊባኖስን አያካትትም።