አምፖል ሲቃጠል ብሬከሩ ለምን ይጥላል?

አዳማ ውስጥ ማታ ማብሪያውን ሲጫኑት አምፖሉ «ጧ» ይልና ቤቱ ይጨልማል። ብዙ ሰው «መስመሩ ተበላሸ» ብሎ ባለሙያ ይጠራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ብሬከሩ ሥራውን ነው የሠራው።

ባለ ክር 60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት የሚስበው 0.27 አምፔር ገደማ ነው። ቀዝቃዛ ክር ግን ከጋለው ከአሥር እጥፍ በላይ ይስባል፤ የሳሳው ቦታ ብዙ ጊዜ ገና ሲበራ የሚበጠሰው ለዚህ ነው። ሲበጠስ በክፍተቱ ብልጭታ ይነሣል። ብልጭታው አንዳንዴ ክሩን በተሸከሙት ሁለት ሽቦዎች መካከል ይዘላል። ያኔ ክሩ ስለማይገድበው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ብዙ አሥር አምፔር ያልፋል። «ቢ» የተጻፈበት 10 አምፔር ብሬከር ከ30 እስከ 50 አምፔር ባለው ውስጥ ወዲያው ይጥላል። «ሲ» የተጻፈበት ግን ወዲያው የሚጥለው ከ50 እስከ 100 ባለው ውስጥ ስለሆነ በአምፖል ብዙም አይወርድም።

ብሬከሩን እንዳወረደ ተዉት፤ አምፖሉ ሲበርድ ፍቱት። ከዚያ እጀታውን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ላይ። መሃል ላይ የቆመ እጀታ አይያዝም፤ «ብሬከሩ ሞተ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ያለ አምፖል ደግሞ ከጣለ ጥፋቱ መያዣው ወይም ሽቦው ላይ ነው፤ የጠቆረና የቀለጠ ፕላስቲክ ፈልጉ።

«ትልቅ ብሬከር ይግባበት» የሚለውን ምክር አትስሙ። በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ 32 አምፔር ከገባ፣ ብሬከሩ ሳይጥል ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል።